የኤሌክትሪክ መኪና ፊውዝ እንዴት ይፈለጋል? እንዴትስ ይቀየራል?

ባሕር ዳር ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ በዝተዋል። ፔዳ በር ላይ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ፣ ጣና ዳር ባሉት ሆቴሎች ግቢ ድምፅ ሳያሰሙ ሲያልፉ ታያላችሁ። የሚጠግናቸው ሰው ግን እንደ መኪኖቹ ቶሎ አልበዛም።

ስለዚህ ትንሽ ነገር ስትበላሽ ሰው ግራ ይጋባል። ክላክሱ እምቢ ሲለው "ይሄ ኤሌክትሪክ ነው፣ አልነካውም" ብሎ መኪናውን አቁሞ ከአዲስ አበባ ባለሙያ የሚጠብቅ አለ። እንደ ድሮዋ ቪትዝ ቆጥሮ ኮፈኑን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ የሚፈታም አለ። የመጀመሪያው ገንዘቡን ያባክናል። ሁለተኛው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊውዝ አለ። የ12 ቮልቱን ፊውዝ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ሁሉ ራሱ መቀየር ይችላል። የከፍተኛ ቮልቴጁን ፊውዝ ግን ሥልጠናና መሣሪያ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው የሚነካው። ከሁሉ በፊት እነዚህን ሁለቱን መለየት አለባችሁ።

ሁለቱን መስመሮች ለዩ

የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ነዳጅ መኪናው የ12 ቮልት ባትሪ አላት። መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ ክላክሱ፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ የመስኮቱ ሞተር፣ ስክሪኑ፣ የበር ቁልፉ ሁሉ በዚህ መስመር ይሠራሉ። ልዩነቱ ባትሪውን የሚሞላው ነገር ነው። ዲናሞ የለም። ከትልቁ ባትሪ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ 12 ቮልት አካባቢ የሚያወርድ መለወጫ አለ፣ እሱ ነው የሚሞላው።

ትልቁ ባትሪ ያለው ከመኪናዋ ወለል ሥር ነው። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ከ300 እስከ 400 ቮልት ይይዛል፤ 800 የሚደርሱም አሉ። ከእሱ ወደ ሞተሩ፣ ወደ ኤሲው ኮምፕሬሰርና ወደ ቻርጀሩ የሚሄዱት ወፍራም ሽቦዎች ብርቱካናማ ልባስ አላቸው። ቀለሙ የተመረጠው በሩቁ እንዲታወቅ ነው። ብርቱካናማ ሽቦ የገባበትን ሳጥን አትክፈቱ። ክዳኑ ላይ ፊውዝ የሚል ምልክት ብታዩም አትክፈቱ።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የቤታችን መብራት አቅጣጫውን እየቀያየረ ስለሚሄድ በየሰከንዱ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ብልጭታ የመጥፋት ዕድል ያገኛል። የባትሪ ኤሌክትሪክ ግን ዲሲ ነው፤ አቅጣጫውን ስለማይቀያይር ዜሮ ላይ አይደርስም። 400 ቮልት ዲሲ አንዴ ብልጭታ ከፈጠረ ብልጭታው ክፍተቱን ዘሎ መንደዱን ይቀጥላል። ለዚህ ነው የከፍተኛ ቮልቴጅ ፊውዝ ከሴራሚክ ተሠርቶ ውስጡ በአሸዋ የሚሞላው፤ አሸዋው ብልጭታውን ያፍነዋል። ከመለዋወጫ ሱቅ የምትገዟት ባለ ሁለት እግር ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራችው ለ32 ቮልት ነው። እሷን እዚያ ማስገባት ሊታሰብ አይገባም።

ደግሞም የከፍተኛ ቮልቴጅ ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። ከተቃጠለ ከበስተጀርባው ከባድ ችግር አለ። መኪናዋ ከጠፋች በኋላም እዚያ ሳጥን ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ለደቂቃዎች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። "አጥፍቻታለሁ እኮ" ማለት እዚህ ጋ ዋስትና አይሆንም።

ፊውዝ ከመፈለጋችሁ በፊት

ሦስት ነገር አጣሩ። ብዙ ሰው ፊውዝ ሲፈልግ የሚውለው ፊውዝ ባልሆነ ችግር ነው።

አንደኛ፣ ያቆመው አንድ ነገር ነው ወይስ ብዙ? የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ካቆመ ወይም የስልክ መሙያው ሶኬት ብቻ ከሞተ ፊውዝ መጠርጠር ልክ ነው። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ከበራ፣ በሩም አልከፈት ካለ ግን መጀመሪያ የ12 ቮልቱን ባትሪ ለኩ። ትልቁ ባትሪ 90 በመቶ ሞልቶ ሳለ ትንሿ ባትሪ ከደከመች መኪናዋ አትነሳም። ይህን ብዙ ባለቤት አያምንም፣ ግን እውነት ነው። ትልቁን ባትሪ ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ ራሱ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው።

በቴስተር (በቮልት መለኪያ) አለካኩ ቀላል ነው። መኪናዋ ጠፍታ ትንሽ ስትቆይ ደህና የሆነ የእርሳስ ባትሪ ከ12.4 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። መኪናዋ ለመሄድ ዝግጁ ስትሆን ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ ይሆናል። በርታም ከ13 በታች ከቀረ ችግሩ ያለው ከትልቁ ባትሪ በሚሞላው መስመር ላይ ነውና ወደ ባለሙያ ውሰዱ። አንዳንድ የቢዋይዲ ሞዴሎች የ12 ቮልት ባትሪያቸው ራሱ ሊቲየም ነው። እሱን በተራ የእርሳስ ባትሪ ቻርጀር አትሙሉት።

ሁለተኛ፣ መኪናዋ ቤት ውስጥ ቻርጅ አልወስድ ካለች የቤታችሁን ብሬከር እዩ። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይበላል። 16 አምፒር የሚስበው የመኪና ቻርጀርም እንደዚያው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ከ30 አምፒር ያልፋል፣ ብሬከሩም ይወርዳል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቻርጅ የሚያቋርጥ መኪና ጤነኛ ነው። ቻርጀሩን ወደ 8 ወይም 10 አምፒር ማውረድ ከተቻለ አውርዱት፤ ካልተቻለ በሌሊት ሙሉ።

ሦስተኛ፣ ነገሩ በስክሪኑ ውስጥ ጠፍቶ እንደሆነ ተመልከቱ። በአዳዲሶቹ መኪኖች ብዙ ነገር የሚጠፋውና የሚበራው በስክሪን ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቴስተር፣ የእጅ ባትሪ፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ የፊውዝ መንቀያ፣ መለዋወጫ ፊውዝ። መንቀያው ትንሽ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ሲሆን ብዙ ጊዜ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ተሰክቶ ይመጣል። ከጠፋ ፕላስቲክ መቆንጠጫ ፈልጉ። በብረት ፒንሳ መንቀል ከጎን ያለውን እግር በመንካት ሾርት ያስከትላል።

ፊውዝ ስትገዙ ፊውዟ ላይ አምፒሩና ቮልቱ በግልጽ የታተመባትን ምረጡ። ርካሽ የሐሰት ፊውዞች ገበያ ላይ አሉ። የእነሱ ጉዳት ቶሎ መቃጠላቸው አይደለም፤ መቃጠል ባለባቸው ሰዓት አለመቃጠላቸው ነው። ባለሱቁ "ወንድሜ፣ 15 የለም፣ 20 ውሰድ፣ ያው ነው" ካላችሁ አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ያው አይደለም።

ሳጥኑ የት ነው?

አብዛኞቹ መኪኖች ቢያንስ ሁለት የ12 ቮልት ፊውዝ ሳጥን አላቸው። አንዱ ከፊት ኮፈኑ ሥር ያለ ጥቁር ፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ ክዳኑ በመቆለፊያ ጥርሶች ይያዛል። ሌላው ከውስጥ ነው፤ ከመሪው በታች በዳሽቦርዱ ሥር፣ ወይም ከዳሽቦርዱ ጎን በሩ ሲከፈት በሚታይ ክዳን ውስጥ፣ ወይም ከጎን ተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ። እንደ ልምድ፣ ከፊት ያለው ሳጥን የመብራቱን፣ የክላክሱንና የማራገቢያውን ፊውዝ ይይዛል። የውስጠኛው የሬዲዮን፣ የሶኬትን፣ የመስኮትን። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም።

የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ የሚነግረው ሥዕል በክዳኑ የውስጥ ገጽ ወይም በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አለ። ከቻይና በቀጥታ በገቡት ላይ ጽሑፉ በቻይንኛ ብቻ ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ክዳኑን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ከዚያ የጉግል ትራንስሌትን የካሜራ መተርጎሚያ ፎቶው ላይ ተጠቀሙ። ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ስታደርጉት ወደ አማርኛ ከምታደርጉት የተሻለ የሚነበብ ነገር ይወጣል። ትርጉሙ አንዳንዴ ይስታል፤ ስለዚህ በፊውዙ ቁጥርና በአምፒሩ አመሳክሩ። ሥዕሉ 15 ካለና ቀዳዳው ላይ ያለችው ፊውዝ 15 ከሆነች ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ። ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ክዳኑን ገልብጣችሁ ይዛችሁት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከእናንተ በፊት አንድ ሰው ያላግባብ ቀይሯታል። የተተረጎመውን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ከመጽሐፉ ጋር አኑሩት። መንገድ ላይ ኔትወርክ አይገኝ ይሆናል።

ማጥፋት

የቻርጅ ገመዱን ንቀሉ። መኪናዋን ፓርክ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ አጥፏት። ቁልፉን ከመኪናዋ አርቁት፤ ቤት ውስጥ ወይም ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ያለ ቁልፍ የሚነሱት መኪኖች ቁልፉ ቀረብ ሲል ይነቃሉ። ከዚያ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች ወዲያው አይተኙም።

ለትናንሾቹ ፊውዞች ይህ ይበቃል፣ ባትሪ መፍታት አያስፈልግም። በቡሎን የታሰሩት ትልልቆቹ የ12 ቮልት ፊውዞች፣ በተለይ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ አጠገብ ያሉት፣ ኔጌቲቩ ሳይፈታ አይነኩም። ለጀማሪ እነዚህንም ለኤሌክትሪሺያን መተው ይሻላል። ባትሪውን የምትፈቱ ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት አንድ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ተዉ። የብዙዎቹ መኪኖች በር በኤሌክትሪክ የሚከፈት ስለሆነ ውጭ ቀርታችሁ እንዳትቸገሩ።

ቀለበት፣ ሰዓት፣ ሐብል አውልቁ።

የተቃጠለችውን ማግኘት

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሳጥኑን በሙሉ ፎቶ አንሱ። ይህን አትዝለሉት። ሁለት ፊውዝ ነቅላችሁ ቦታቸው ቢጠፋባችሁ የሚያድናችሁ ፎቶው ነው።

የጠረጠራችኋትን ፊውዝ በመንቀያው ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። አታወዛውዙ። ወደ ብርሃን አንስታችሁ በፕላስቲኩ ውስጥ የምትታየውን ቀጭን የብረት ክር እዩ። ክሯ ደህና ከሆነች ያልተቋረጠች መስመር ትሆናለች። የተቃጠለችው ብዙ ይነግራችኋል። ክሯ መሐሏ ላይ ብቻ ቀልጣ ከተቋረጠች፣ ፕላስቲኩም ንጹሕ ከሆነ፣ መስመሩ ከአቅሙ ትንሽ በላይ ተጭኖበት ነው። ፕላስቲኩ ጠቁሮ ክሯ ከተበተነች ግን ትልቅ ሾርት አለ። ሁለተኛው ከሆነ አዲስ ፊውዝ ከማስገባታችሁ በፊት ሽቦውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ዓይን ግን ይሳሳታል። በቴስተር አረጋግጡ። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ቦታ ላይ አድርጋችሁ በተነቀለችው ፊውዝ ሁለት እግሮች ላይ ንኩ። ከጮኸ ደህና ናት። ካልጮኸ ተቃጥላለች።

ሳትነቅሉም መለካት ትችላላችሁ። አብዛኞቹ ፊውዞች ጀርባቸው ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሏቸው። መኪናዋን አብሩ፣ ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ፣ ጥቁሩን ዘንግ ቀለም በሌለው የመኪናዋ ብረት ላይ፣ ቀዩን በየነጥቡ ላይ አሳርፉ። ሁለቱም 12 ወይም ከዚያ በላይ ካሳዩ ፊውዟ ደህና ናት። አንዱ 12፣ አንዱ ዜሮ ከሆነ ተቃጥላለች። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ለመስመሩ ኤሌክትሪክ እየደረሰ አይደለም፤ ጥፋቱ ከፊውዟ በፊት ነው፣ ምናልባትም ሪሌው (መስመሩን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ነው። ይህን ዘዴ በ12 ቮልት ሳጥን ላይ ብቻ ተጠቀሙበት።

የኤርባጉን ፊውዝ ለሙከራ ብላችሁ አትንቀሉ። ቢጫ ሶኬት ያለበትን የኤርባግ ሽቦም በቴስተር አትንኩ።

ቀለምና ቁጥር

ባለ ሁለት እግር ፊውዞች በቀለም ይታወቃሉ። 5 አምፒር ፈዛዛ ቡኒ፣ 7.5 ቡኒ፣ 10 ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 25 ነጭ ወይም ቀለም አልባ፣ 30 አረንጓዴ ነው። የሳጥን ቅርጽ ያላቸው ረጃጅሞቹ ግን ሌላ ናቸው። በእነሱ ላይ አረንጓዴ 40 ነው፣ 30 ሮዝ ነው። ስለዚህ በቀለም ፈልጉ፣ በቁጥር ወስኑ።

መጠኗም መግጠም አለባት። አምፒሩ አንድ ሆኖ መደበኛ፣ ሚኒ፣ አጭር ሚኒና ማይክሮ የሚባሉ አሉ። የነቀላችኋትን ይዛችሁ ወደ ሱቅ መሄድ ከሁሉ ይቀላል።

መግጠምና መሞከር

መኪናዋንና ያቆመውን ነገር ማብሪያ አጥፉ። ተመሳሳይ ቁጥር ያላትን አዲስ ፊውዝ በጣታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ግፉ። እግሮቿ ላልተው ከገቡ ቦታው ሰፍቷል፤ የላላ መገናኛ ይግላል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል። ክዳኑን ግጠሙ፣ መኪናዋን አብሩ፣ ከዚያ ነገሩን ሞክሩ።

ከሠራ ጨርሳችኋል። ወዲያው ወይም ከቀናት በኋላ እንደገና ከተቃጠለች አቁሙ። ሦስተኛ አታስገቡ። ቁጥሯን ከፍ አታድርጉ። በሲጋራ ብርማ ወረቀት አትጠቅልሉ፣ የመዳብ ክርም አትሰኩ። ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሳው የፊውዟ ቁጥር የተመረጠው በሽቦው ውፍረት ስለሆነ ነው። ፊውዟ ካልተቋረጠች የሚነደው ሽቦው ነው። ሽቦው ደግሞ በምንጣፍና በስፖንጅ መሐል ነው የሚያልፈው። ልጆቻችሁ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው።

ደጋግሞ የሚያቃጥለው ምንድን ነው?

እዚህ እኛ ጋ አንደኛው ተጠያቂ የጎማ መንፊያ ነው። ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣ ሰው መንፊያ ይይዛል፣ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ስሌቱን ሥሩ። የሶኬቱ ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 አምፒር ነው፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 180 ዋት። መንፊያው 240 ዋት ከሆነ 20 አምፒር ይስባል። ፊውዟም ወዲያው ላትቃጠል ትችላለች፤ እንዲህ ያለውን ጭነት ለደቂቃዎች ልትሸከም ትችላለች። ሦስት ጎማ ነፍቶ አራተኛው ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። በእጥፍ ሲጫንባት ግን ከ5 ሰከንድ አታልፍም። ዋቱ ከሶኬቱ አቅም በታች የሆነ መንፊያ ግዙ። የራሱ ባትሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሶኬት አይፈልግም።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ላቫጆ ላይ በከፍተኛ ግፊት ኮፈን ሥር ማጠብ ለኤሌክትሪክ መኪና አይሆንም። አጣቢውን "ከፊት አትክፈተው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው" በሉት። ክረምት ላይ ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ይጨመርበታል። ክዳኑ በትክክል ካልተዘጋ የፊውዝ እግሮች ላይ አረንጓዴ ዝገት ታገኛላችሁ። ሲጀምር ከሆነ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃዋል። ውስጥ ድረስ ከበላው ሳጥኑ መቀየር አለበት።

ሦስተኛው አይጥ ነው። ለሳምንታት ሳትነዳ በቆመች መኪና ውስጥ፣ በተለይ እህል ወይም መኖ አጠገብ ከሆነ፣ አይጥ ሽቦ ትበላለች። የተበላ ሽቦ ብርቱካናማ ከሆነ ኮፈኑን ዝጉና በተጎታች አስወስዱ።

የቀረው ሰው ሠራሽ ነው፦ ጭማሪ መብራት፣ ካሜራ፣ አላርም። ገጣሚው ከሌላ ፊውዝ ላይ ጠልፎ ከሆነ የሁለቱ ጭነት በአንድ ፊውዝ ላይ ያርፋል። የራሱ መስመርና የራሱ ፊውዝ እንዲኖረው ጠይቁ።

እጅ የማይገባበት ጊዜ

መኪናዋ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ከነበረ፣ ከታች ድንጋይ ከመታት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ጭስ ካያችሁ ወይም ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ከበራ ፊውዝ አትፈልጉ። ሰዎችን አውርዱ፣ ራቁ፣ ባለሙያ ጥሩ። የምትጠሩትን ሰው "የከፍተኛ ቮልቴጅ ጓንት አለህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። የሚፈለገው ደረጃ 0 የሚባለው፣ እስከ 1,000 ቮልት የሚያገለግለው የጎማ ጓንት ነው። የለኝም ካለ ብርቱካናማውን ሽቦ አታስነኩት።

መኪናችሁ ውስጥ ከ5 እስከ 30 አምፒር ያሉትን ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ያዙ፤ የ15ቷን ትንሽ ጨምሩ። ከመንቀያው፣ ከእጅ ባትሪውና ከተተረጎመው ወረቀት ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።